ጣና በላፕቶፔ ላይ የጎደለበት ሳምንት

ነሐሴ ነው፤ ባሕር ዳር ዝናቡ ሌት ተቀን ይወርዳል። የእኔ ላፕቶፕ ግን ጣና በአራት ቀን 21 ሳንቲ ሜትር ጎደለ ይላል። ጀልባ ማቆሚያው ድረስ ሄጄ ጥበቃውን አዛውንት ስጠይቃቸው በከዘራቸው ወደ ውሃው አመለከቱኝ። ልብስ የሚታጠብበት ድንጋይ ከነጭራሹ ተውጧል።

«ምነው ልጄ፣ ያ መሣሪያህ ክረምት መግባቱን አልሰማም እንዴ?»

መሣሪያው ምሰሶ ላይ ያሰርኩት፣ የድምፅ ሞገድ ልኮ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ነው። በየ10 ደቂቃው ይለካል፤ በቀን 144 ልክ ማለት ነው። እያንዳንዱን በ2 ባይት ብጽፈው 288 ባይት ይሆናል፤ አንድ ኤስኤምኤስ ግን የሚይዘው 140 ብቻ ነው። (በአማርኛ ስንጽፍ መልእክቱ 70 ፊደል ላይ የሚቆረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።) በቀን ሦስት መልእክት መላክ ደግሞ ለኪሴም ለኔትወርኩም ከበደ።

ሐይቅ ግን ዝም ብሎ አይዘልም። የአሁኑ ልክ ከ10 ደቂቃ በፊት የነበረው ነው ብዬ ብገምት ብዙም አልሳሳትም፤ ስለዚህ የምልከው የተሳሳትኩበትን ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለዚያ 4 ቢት (ግማሽ ባይት) ይበቃል፤ የቀኑ ሁሉ 72 ባይት ሆኖ በአንድ መልእክት ይገባል። ዘዴው የቆየ ነው፦ ቤል ላብስ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ምርምር ተቋም መሐንዲስ ቻፒን ካትለር እ.ኤ.አ. በ1950 የፈጠራ መብት ጠይቆበታል፤ ፒተር ኤልያስም በ1955 ፕሬዲክቲቭ ኮዲንግ (እየገመቱ መላክ እንደማለት ነው) በሚል ስም ጽፎበታል።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ልዩነቱን ከ4 ቢት በላይ አደረገብኝ። እኔም ልዩነቱን ለሁለት አካፍዬ ላክሁ፤ ላፕቶፔ መልሶ በሁለት ያባዛዋል። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። የጻፍኩት ኮድ ጎዶሎ ቁጥር ሲገጥመው ሁልጊዜ ወደ ታች ያጠጋጋል፤ 7 ሲሆን 6 ይደርሰኛል፣ -3 ሲሆን -4። ከ144ቱ ግማሹ ጎዶሎ ነው ብንል በቀን 72 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፤ በአራት ቀን 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሐይቁ በእውነት 8 ያህል ጨምሮ ስለነበር ላፕቶፔ ላይ 21 ጎደለ።

ማጠጋጋቱን አስተካከልኩና ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን መስመሩ አሁንም ወዲያና ወዲህ ይንገዋለላል። ዋናው ስህተት ሌላ ነበር፦ ሴንሰሩ የሚገምተው እሱ ከሚያውቀው እውነተኛ ልክ ተነስቶ ነው፤ ላፕቶፔ ደግሞ ያ ልክ የለውም፣ ያለው የተጠጋጋው ድምር ብቻ ነው። አሁን ላኪው የተቀባዩን ሒሳብ ራሱም ይሠራል፤ ተቀባዩ ደርሶበታል ከሚለው ቁጥር ተነስቶ ይገምታል። በማጠጋጋት የቀረው ቅንጥብጣቢ በሚቀጥለው ልዩነት ውስጥ ስለሚካተት አይጠራቀምም። በየመልእክቱ መጀመሪያም ሙሉውን ልክ እጽፋለሁ፣ አንዱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ሌላው እንዳይበላሽ።

የአንጎል ተመራማሪዎችም በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ። ስሪኒቫሳን፣ ላፍሊንና ደብስ እ.ኤ.አ. በ1982 የዓይን ሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ ሽፋን) ከአካባቢው የሚገመተውን ብርሃን ቀንሶ የቀረውን ይልካል አሉ፤ ራኦና ባላርድ በ1999 ሐሳቡን ወደ አንጎል ቅርፊት ወሰዱት። እዚያ ግን ግምቱ ራሱ ከላይ ወደ ታች ይላካል፣ ስህተቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በእኔ ኤስኤምኤስ ውስጥ ግምት የሚባል ነገር በጭራሽ አይሄድም፣ ሁለቱም ወገን ለየብቻው ያሰላዋል። የአንጎሉ ጉዳይ አሁንም ያከራክራል፤ የሬቲናው ማስረጃ ለእኔ ይበልጥ ያሳምናል። ቢሆንም ከዘጌ በጀልባ ስመለስ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆሜ ምድሩ ሲወዛወዝብኝ፣ አንጎሌ ማዕበሉን እየገመተ ሲቀንስ ቆይቶ መውረዴ ገና አልደረሰው ይሆን እላለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አዛውንቱ ደወሉ፤ «ድንጋዩ ጫፉ ታየ።» ላፕቶፔን ከፈትኩ። ድንጋዩ በተዋጠበት ቀን ከለካሁት ጋር በ1 ሳንቲ ሜትር ይለያያል።