በ400 ዶላር ወደ ውድድር የገባችው ባጊ

አባቴ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ነበረው። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ኩሽኔታ በጋዝ ማጠብ የኔ ሥራ ነበር። ያ ሙያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ያውም ከጫማ ሳጥን ብዙም ለማትበልጥ መኪና ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ ነው። አሥር ዓመት ሲሞላት ሪሞት መኪና እፈልጋለሁ አለችኝ። ሳሎን ውስጥ የሚሽከረከር ዓይነት ሳይሆን አፈር ላይ የሚሮጥና የሚዘል ባጊ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ባለ 1/14 መጠን የሆነ (የእውነተኛ መኪና አንድ አሥራ አራተኛ ማለት ነው)፣ ከነባትሪው 100 ዶላር የሚሸጥ አገኘሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ይላል። ዓይኔን ሳላሽ ገዛሁት።

እውነትም ይሮጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን የፊት ጎማውን የሚይዘው ክንድ ተሰበረ። ቀጥሎ መሪው ሄደ። እኔም የተሰበረውን ሁሉ በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም መተካት ጀመርኩ። 60 ዶላር እዚያ ላይ አለቀ። አሉሚኒየሙ አልተሰበረም፤ ጎበጠ። ከኋላው ያለው ፕላስቲክ ግን ተሰበረ። ፕላስቲክ ክንድ ሲመታ ይለመጥና ይመለሳል። ቢሰበር እንኳ በጥቂት ዶላር ሌላ ይገዛል። አሉሚኒየም ግን ምቱን ሳያበርድ ወደ ውስጥ ያስተላልፈዋል፤ የሚጎዳው ውዱ ክፍል ነው። ዛሬ ባጊያችን ላይ ያሉት ክንዶች በሙሉ ፕላስቲክ ናቸው።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ወዳለ የአፈር ትራክ ሄድን። ልንወዳደር ነበር ሐሳባችን። መዝጋቢው መኪናዋን አየና በትሕትና ለዚህ መጠን የሚሆን ምድብ የለንም አለን። ልጄ መኪናዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ዝም አለች። አንጀቴን በላችው።

ወደ ቤት አልተመለስንም። አጥሩ ጥግ ተቀምጠን ሙሉ ቀን አየን። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ምንም ሳላወጣ ብዙ ያተረፍኩበት ቀን ያ ነው። ማን ምን እንደሚነዳ፣ ምን ምን እንደሚሰበር፣ ሰው ሲሰበርበት ዕቃ ከየት እንደሚያገኝ ተመለከትኩ። አብዛኛው ሰው የሚነዳው ባለ 1/10 መጠን፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋ ባጊ ነበር። ምድቡ 17.5 ይባላል። ቁጥሩ በሞተሩ ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ስንት ዙር እንደተጠቀለለ ይነግርሃል። ዙሩ ሲበዛ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በዚህ ምድብ ሁሉም ያንኑ ዓይነት ሞተር ይጠቀማል፤ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለርም በኤሌክትሮኒክስ ተጨማሪ ፍጥነት የሚሰጠው ቅንብሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ጉልበት ገዝቶ ጥሎህ አይሄድም። በጀቱ ለጠበበ ሰው ከዚህ የተሻለ ምድብ አላውቅም።

ከጎናችን የተቀመጡ ሸበቶ አሜሪካዊ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ናቸው። የትኛው መኪና እንደሚሻል ስጠይቃቸው ጥያቄዬን አረሙልኝ። ‹‹እዚህ ሱቅ ግድግዳ ላይ ዕቃው የተሰቀለለት የትኛው እንደሆነ ጠይቅ›› አሉኝ። መኪናህ ጠዋት ተሰብሮ ዕቃው በፖስታ በሳምንቱ የሚመጣ ከሆነ ያ ቀን ጠፋ ማለት ነው።

የመረጥኩት ያገለገለ የቲም አሶሺየትድ ቢ4.2 ነው። ድርጅቱ የካሊፎርኒያ ነው፤ አርሲ10 የሚባለውን ስመ ጥር ባጊውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር። ቢ4.2 የዚያ ዘር ነው። ሞተሩ ከኋላ አክስል ጀርባ ተቀምጧል። ከሱ በኋላ የመጡት ባጊዎች ሞተሩን ወደ መሀል አምጥተውታል፤ ምንጣፍ በተነጠፈበት ትራክና ጎማ አጥብቆ በሚይዝ ሸክላ ላይ የሚሻሉት እነሱ ናቸው። የኛ ትራክ ግን አቧራው የሚቦንን ልል አፈር ነው። እዚያ ላይ ከኋላ የተንጠለጠለ ክብደት ጎማውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ስለዞረ ደግሞ የአሮጌው ዋጋ ወርዶ ነበር።

ያለ ኤሌክትሮኒክስ፣ ባዶ አካሉን 110 ዶላር አገኘሁት። አባቴ ሶማሌ ተራ ዕቃ ሲገዛ ብዙ አያወራም ነበር፤ በእጁ ይነቀንቃል። እኔም ጎማዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቅኩ። የፊት ግራው ትንሽ ይላወሳል። ካምቢዮውን በጣቴ እያዞርኩ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ አለው። የብሎኖቹን ጭንቅላት አየሁ። ካቻቪቴ የበላው ብሎን የበዛበት መኪና ሳይጠነቀቅ የሚፈታ ሰው እጅ ያለፈ ነው። ይሄኛው ንጹሕ ነበር። ሻጩ በላዩ ላይ አንድ ሳጥን ትርፍ ዕቃ ጨመረልኝ፦ ክንዶች፣ የኳስ መገጣጠሚያዎች፣ አንድ የኋላ አክስል። እዚያች ሳጥን ውስጥ ቢያንስ የ50 ዶላር ዕቃ ነበር።

ቀሪውን እንዲህ መደብኩት። ያገለገለ 17.5 ሞተርና ስፒድ ኮንትሮለር 85፣ የብረት ጥርስ ያለው ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው ሞተር) 30፣ ሪሞትና ሪሲቨር (መኪናዋ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው) 45፣ ባትሪ 35፣ ቻርጀር 30፣ ጎማ ከነቸርኬው 40፣ ዘይትና ኩሽኔታ 25። ተደምሮ 400 ሞላ። ቻርጀሩ ላይ እንዳትቆጥቡ አደራ እላለሁ። ሊቲየም ባትሪ ቀልድ አያውቅም። በኔ ዓይነቱ ባትሪ እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት የለበትም፤ ለቀናት ሲቀመጥ ደግሞ 3.8 አካባቢ መሆን አለበት። ሴሎቹን እያመጣጠነ የሚሞላ ቻርጀር ግዙ። እየሞላ እያለ ከቤት አትውጡ። ልጅ ያለበት ቤት ነው።

ሥራው የተሠራው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ጋዜጣ አንጥፈን ነው። ኩሽኔታዎቹን አውጥቼ አጠብኳቸው። አንዱን በጣቴ ጫፍ ይዤ አሽከረከርኩና ለልጄ ሰጠኋት። ጥሩው ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ መጥፎው ጣት ላይ ይንቀጠቀጣል። ዓይኗን ጨፍና ሦስት መጥፎ ለየች። የሚላወሰው የፊት ጎማ ችግርም ከነሱ አንዱ ሆኖ ተገኘ። የካምቢዮው አሸዋ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ፈትቼ ትንንሾቹን ኳሶች አጠብኩ፣ ቀለበቶቹን በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ አዲስ ግሪስ ቀብቼ ገጠምኩት።

የጎማዎቹን ምት የሚያበርዱት ሾኮች ግን ጊዜ ወሰዱ። አሮጌው ዘይት ጠቁሮ ነበር። አፍስሰን 30 ቁጥር ዘይት ሞላን። ከዚያ ዘንጉን ቀስ እያልክ ወደ ላይና ወደ ታች ታንቀሳቅሳለህ። ከሥር ጥቃቅን የአየር አረፋ እየተንሳፈፈ ይወጣል። እኔ ቸኩዬ ክዳኑን ልዘጋ ስል ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

‹‹አባዬ፣ አላለቀም፤ አንዷ ገና እየወጣች ነው።››

እውነቷን ነው። ውስጥ አየር ከቀረ ሾኩ አንዴ ይጠነክራል፣ አንዴ ይላላል፤ መኪናዋ ከዝላይ ስታርፍ አንድ ጎኗን ትጥላለች። አሥር ደቂቃ አቆየነው። ከዚያ የግራና የቀኙን ጎን ለጎን ይዘን ተጫንናቸው፤ እኩል ተመለሱ። ይሄ ሥራ የዘይቱን ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ መኪናዋን ግን አዲስ አደረጋት።

ሌላው ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ ጥርስ፣ ፒኒዮን የሚባለው፣ ከትልቁ ጥርስ ጋር የሚገናኝበት ነው። በጣም ከተጣበቀ ሞተሩ ይግላል፤ ከራቀ ጥርሱ ይበላል። ከደብተር ላይ ቀጭን ወረቀት ቀድጄ በሁለቱ መሀል አስገብቼ ብሎኑን አጠበቅኩ። ወረቀቱን ሳወጣው ታጥፏል እንጂ አልተቀደደም። ልክ ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ውድድር በአምስት ደቂቃ 9 ዙር ዞርኩ። ሌሎቹ 12 ዞረዋል። መኪናዋ በየኩርባው እየተሽከረከረች ፊቷን ወደ ኋላ ታዞር ነበር። ሞተሩ ደክሟል ብዬ አሰብኩ። አዲስ ሞተር 75 ዶላር ነበር፤ ስልኬን አውጥቼ ልገዛ ነበር። እኒያ ሸበቶ ሰውዬ መጡና መኪናዋን ገልብጠው ጎማዋን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ደረቅ ነው፤ ጥርሱም አጭር። ለሌላ ዓይነት መሬት የተሠራ፣ ከመኪናዋ ጋር አብሮ የመጣ አሮጌ ጎማ ነው። ለጎማ የመደብኩት 40 ዶላር ገና ኪሴ ውስጥ ነበር። ለጎማ አልቸኩልም ብዬ አቆይቼው ነበር። ይሄ ትልቁ ስህተቴ ነው።

ሰውየው ከሳጥናቸው ረዣዥም ሾጣጣ ጥርስ ያለው ለስላሳ ጎማ አውጥተው አዋሱኝ። ያው ሞተር፣ ያው ባትሪ፣ ያው እጅ። በሁለተኛው ውድድር 11 ዙር ዞርኩ። ከትራክ ስወርድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደስታ ነው።

በማግስቱ ያንኑ ዓይነት ጎማ ገዛሁ። ጎማው ቸርኬው ላይ በሱፐር ግሉ ካልተለጠፈ በፍጥነት ሲዞር ይላቀቃል። ከመለጠፍ በፊት የጎማውን ከንፈር በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል፤ ከፋብሪካ የሚመጣው ቅባት ሙጫውን አያስይዝም። እኔ አንዱን ሳልጠርግ ለጥፌ ውድድር መሀል ወልቆብኛል።

ከዚያ ወዲህ የጨመርኩት ትንሽ ነው። የኋላውን ሞላ አንድ ደረጃ ለስላሳ አደረግኩ። ሞተሩ በበጋ ሙቀት 80 ዲግሪ ሲደርስብኝ ፒኒዮኑን በሁለት ጥርስ ቀነስኩት፤ ወደ 65 ወረደ። ፍሪሲዮኑንም መኪናዋ ስትነሳ ትንሽ እንዲንሸራተት አላላሁት። አንድም አሉሚኒየም አልገዛሁም።

ባለፈው ወር ልጄ በጀማሪዎች ምድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳች። በኛ ትራክ አንዱ ምድብ ሲወዳደር ሌላው ኩርባ ላይ ቆሞ የተገለበጠ መኪና ያነሳል። ሦስተኛው ኩርባ የኔ ነበር። በአራተኛው ዙር የመጣችው የኛዋ ባጊ ናት፤ ዝላዩን አበዛችውና በጀርባዋ ወደቀች። ሮጬ አነሳኋት፤ ጎማዎቹ እጄ ላይ እየዞሩ አፈር ረጩብኝ። ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኳት። ቀና ብዬ ስመለከት ልጄ ከመንጃው ሰገነት ላይ እኔን አላየችኝም፤ ዓይኗ መኪናዋ ላይ ነበር።

9 ዙር ዞረች።