«ጋንግ» የሚለውን ቃል ሳይጠሩ ስለ ጋንግ መጠየቅ

የጎዳና ጋንጎችን ማጥናት የሚጀምር የወንጀል ሳይንስ ተማሪ መጀመሪያ እጁ የሚገባው የፖሊስ መዝገብ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ሁሉም ተሰናድቶ ይጠብቀዋል። በእሱ ብቻ የተጻፈ ጥናት ግን አያስተማምንም። የካሊፎርኒያ ግዛት ኦዲተር በ2016 እ.ኤ.አ. ካልጋንግ የተባለውን የፖሊስ መረጃ ቋት ሲመረምር፣ ሲመዘገቡ አንድ ዓመት ያልሞላቸው 42 ሰዎች አገኘ። ከእነሱ 28ቱ የገቡት «አባል ነኝ ብሎ አምኗል» ተብሎ ነው። የሚያሳዝነው እንዲህ ያለ ግልጽ ስህተት እንኳ አራሚ አጥቶ መቆየቱ ነው። መዝገቡ የሚነግረን ፖሊስ ማንን አስቁሞ እንደጻፈ ነው።

ስለዚህ ወጣቶቹን ራሳቸውን መጠየቅ ግድ ይላል። ዩሮጋንግ የተባለው የተመራማሪዎች መረብ የተስማማበት ፍቺ አጭር ነው፦ የሚዘልቅ፣ ውሎው ጎዳና የሆነ፣ ሕገወጥ ድርጊት የቡድን ማንነቱ አካል የሆነ የወጣቶች ስብስብ። ንቅሳት፣ የልብስ ቀለም፣ አለቃ፣ የቡድን ስም ፍቺው ውስጥ የሉም፤ እነዚህ ከቡድን ቡድን ስለሚለያዩ ለመግለጫ ብቻ ያገለግላሉ። መጠይቁም ይህንኑ ተከትሎ ይሄዳል። አብረውህ የሚውሉ ጓደኞች አሉህ? የምትውሉት መንገድ ላይ፣ መናፈሻ ወይስ ገበያ አካባቢ? ቡድናችሁ ከሦስት ወር በላይ ቆይቷል? ሕግ መጣስ በእናንተ ዘንድ ችግር የለውም? አብራችሁስ ታደርጉታላችሁ? «ቡድናችሁ ጋንግ ነው?» የሚለው መጨረሻ ላይ ይምጣ። ቀድሞ ከመጣ አንዱ ይፎክርበታል፣ ሌላው ይደነግጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልስ ሁሉ ይበላሻል።

በአማርኛ ሲሆን ጥንቃቄው ይብሳል። «ዱርዬ» ስድብ ነው፣ «ወሮበላ» ፍርድ ነው፣ «አደገኛ ቦዘኔ» ደግሞ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ የወጣበት የሕግ ስም ነው። በአንዳቸውም ቢጠየቅ «አዎ» ብሎ የሚመልስ ወጣት አይገኝም። «አብረውህ የሚውሉ ልጆች» ማለት ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ምስጢር መጠበቅ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሪክ ስካርስ የተባለ የሶሺዮሎጂ የዶክትሬት ተማሪ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ ታጋዮች ሲያጠና የሰማውን ክስ ይመስረት አይመስረት ለመወሰን ማስረጃ ለሚሰማ የዜጎች የምርመራ ጉባኤ (ግራንድ ጁሪ) አልናገርም በማለቱ 159 ቀን ታስሯል። የእሱ ጥናት ስለ ጋንግ አልነበረም፤ አደጋው ግን ያው ነው። በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም ገንዘብ የሚካሄድ ጥናት የተሳታፊዎቹ ማንነት በሕግ ይጠበቅለታል። ጥበቃው ግን ወደፊት ለመፈጸም የታሰበን ወንጀል አይጨምርም። ይህን ለወጣቱ መቅረጫው ሳይከፈት በፊት፣ በሚገባው ቋንቋ መንገር ያስፈልጋል።

ጥያቄዎቹም ያለፈውን ብቻ ይንኩ፦ «ባለፉት 12 ወራት ስንት ጊዜ?» የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር የሚለው አይጠየቅ። ስለ ነገ እቅዱ ሊያወራ ሲጀምር ወዲያው ማስቆም ነው። በስም ፈንታ ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩን ከሰው የሚያገናኘው ዝርዝር ከመልሶቹ ጋር በአንድ ኮምፒውተር አይቀመጥ። ድምፁ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ ይደምሰስ። ቅጽል ስሞችም ከጽሑፉ ይውጡ፤ ብዙ ተመራማሪ የሚረሳው እነሱን ነው፣ በሰፈር ውስጥ ግን ከመታወቂያ ስም ይልቅ የሚታወቁት እነሱ ናቸው።