ሲኞራ ፍሬስካ

ቬኒስ በገባሁ በማግስቱ፣ ሚላኖ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ «ቡራኖን ሳታይ እንዳትመለስ፤ ደግሞ ነጭ ልበስ፣ ፎቶው ያምርልሃል» ስላለኝ አዲሱን ነጭ ጃኬቴን ለብሼ ከፎንዳሜንቴ ኖቬ ቫፖሬቶ በሚሉት የሕዝብ ጀልባ፣ በ12 ቁጥሩ፣ ተሳፈርኩ።

መንገዴን በሙራኖ አደረግሁ። የቬኒስ ሪፐብሊክ ከተማዋ በእሳት እንዳትጋይ ሰግቶ በ1291 እ.ኤ.አ. የብርጭቆ ምድጃዎች ወደዚህች ደሴት እንዲዛወሩ ካዘዘ ወዲህ ብርጭቆ የደሴቲቱ እንጀራ ነው። አንድ ባለሙያ እንደ ማር የሚዝለገለገውን ትኩስ ብርጭቆ በመቆንጠጫ ጎተት ቆንጠጥ እያደረገ በደቂቃዎች ውስጥ ፈረስ ሲያደርገው አየሁ። ሱቁ ውስጥ ግን ዋጋዎቹን ሳነብ ስለደነገጥኩ፣ ክርኖቼን ከጎኔ አጣብቄ ምንም ሳልሰብር ወጣሁና የቀኑን አደጋ ያመለጥኩ መሰለኝ።

ቡራኖ ቢጫው ከሐምራዊው፣ ቀዩ ከሰማያዊው ትከሻ ለትከሻ የገጠሙ ቤቶች ያሉባት የዓሣ አጥማጆች ደሴት ናት፤ ቤቱን በሌላ ቀለም መቀባት የፈለገ ነዋሪ አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ዳንቴሏም ዝነኛ ነው። እናቴ ቴሌቪዥናችንን ያለበሰችበት ዳንቴል በኪሮሽ የተሠራ ሲሆን የቡራኖ ሴቶች ግን በወረቀት ላይ የተነደፈውን አበባ በመርፌና በክር ብቻ ይሠሩትና በመጨረሻ ከወረቀቱ ይለዩታል።

ይህን ሁሉ ካደነቅሁ በኋላ ፎቶ ለመነሣት አንድ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ መዝጊያ መረጥሁ። «ቬርኒቼ ፍሬስካ» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሎበታል። የባለቤቲቱ ስም መሆኑን ተረድቼ፣ ስማቸውን በደጃቸው መጻፋቸውንም በልቤ አድንቄ፣ ተደገፍሁ። ቀና ልል ስሞክር መዝጊያው አልለቀኝም፤ በኃይል ስላቀቅ በሩ ተንኳኳና አንዲት አዛውንት ብቅ አሉ።

«ሲኞራ ፍሬስካ፣ ስኩዚ!» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ማንን እንደምጠራ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ። ቀጥሎ ከተናገሩት ረጅም ንግግር የገባችኝ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «አኳራጃ»። የአዲስ አበባ ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ የሚሉትን የቀለም ማቅጠኛ በጠርሙስ፣ ከነጨርቁ ይዘው ሲመለሱ የጣሊያንኛ ችሎታዬ አኮራኝ። ፈትገው ፈትገው አረንጓዴው ሳሳ እንጂ አልጠፋም፤ እንዲያውም ከትከሻዬ ተነሥቶ እስከ ወገቤ ወረደ። እርሳቸውን ያሳዘናቸው ግን ጃኬቴ ሳይሆን የሽመናው ጥለት ሳይቀር በመዝጊያቸው ላይ የታተመው ትከሻዬ ነበር። ቢሆንም የኤስ ቅርጽ ያለው የደሴቲቱን ብስኩት አስይዘው ሸኙኝ።

በመልሱ ጀልባ ላይ ከአኳራጁ ሽታ የተነሣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስላልነበረ በነፃነት ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት።

«ሲኞራ ቬርኒቼ ፍሬስካ የሚባሉ ደግ ሴት ባላገኝ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር» አልኩት።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ሳቁን እየታገለ፣ «አውቃቸዋለሁ፤ ባለፈው ዓመት እኛም በር ላይ ተለጥፈው ነበር። ትርጉማቸው ‹ቀለሙ አልደረቀም› ነው» አለኝ።