ቦይለር ክፍል የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ልምዳችሁን አስፈርሙ

ሚኒሶታ ውስጥ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም ትልቅ ሕንፃ ላይ የምንሠራ አበሾች ብዙ ነን። ማታ ማታ ወለል ስንወለውል ምድር ቤት ካለው የብረት በር ጀርባ የሚያጓራውን ቦይለር፣ ውሃ አፍልቶ ሕንፃውን የሚያሞቀውን ማሽን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ በር ጀርባ የተሻለ ደመወዝ እንዳለ ግን የሚነግረን የለም። እኔም ትምህርት ቤት ጽዳት ላይ ሳለሁ የሰማሁት፣ አለቃዬ «ላይሰንሱን (የሥራ ፈቃዱን) ካወጣህ ወደ ቦይለር ክፍል አዛውርሃለሁ» ብሎኝ ነው።

የሚኒሶታ ሕግ ቦይለርን ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። ፈትኖ ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ስፔሻል ኢንጂነር የሚባለው ፈቃድ ነው። ኢንጂነር ይባል እንጂ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አይጠይቅም። በእሱ እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ያለውን ቦይለር በራሳችሁ ኃላፊነት ትይዛላችሁ፤ ከዚያ በሚበልጥ ቦታ ደግሞ በፈረቃው ኢንጂነር ሥር ሆናችሁ ታግዛላችሁ። ቀጥሎ ሁለተኛ ክላስ አለ፣ 1 ዓመት የቦይለር ልምድ ይጠይቃል። አንደኛ ክላስ 3 ዓመት፣ ቺፍ 5 ዓመት። ከክላሱ አጠገብ የሚጻፈውንም ፊደል ልብ በሉ፦ ሲ ለዝቅተኛ ግፊት ብቻ ነው፣ ቢ ከፍተኛውንም ይጨምራል፣ ኤ ደግሞ የእንፋሎት ሞተርና ተርባይን ጭምር። ለእንፋሎት ዝቅተኛ ግፊት የሚባለው እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያለው ነው።

ለፈተናው ስዘጋጅ ከሒሳቡ ይልቅ ልቤን የነካው የሕጉ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1905 ማሳቹሴትስ፣ ብሮክተን ከተማ፣ አንድ የጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ ጣሪያውን በርቅሶ ወጣ። ሕንፃው ተደርምሶ በእሳት ተያያዘ፤ 58 ሰዎች አለቁ። በ1907 ማሳቹሴትስ የቦይለር ሕግ አወጣች፣ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም ከዚያ በኋላ የቦይለር ደንቡን አዘጋጀ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ ጉልበት የሚቀመጠው ሕፃናት ከሚማሩበት ክፍል በታች ነው። ፈተናው ለምን ጥብቅ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ጥር ላይ፣ ውጭው በረዶ ሆኖ፣ ሥራዬ የሚጀምረው ከጌጅ ግላሱ፣ በቦይለሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ልክ ከሚያሳየው መስታወት ነው። የውሃው ልክ መሃል አካባቢ መታየት አለበት። ግፊቱን አነብና መዝገቡ ላይ ሰዓት ጽፌ እፈርማለሁ። ከዚያ በርነሩ (እሳት የሚያነደው ክፍል) እየነደደ የሎው ወተር ከት ኦፉን፣ ማለትም ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋውን መሣሪያ፣ ማፍሰሻ ቀስ አድርጌ እከፍታለሁ። ዝገት የቀላቀለ ትኩስ ውሃ ይወርዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማና እሳቱ ይጠፋል። ካልጠፋ ያ ቦይለር አይሠራም፣ ቀልድ የለም። ያስተማረኝ ሽማግሌ ደጋግሞ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነበር፦ መስታወቱ ላይ ውሃ ካጣህ ውሃ አትጨምር፣ መጀመሪያ እሳቱን አጥፋ። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ነው ሰው የሚገድለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለሁለተኛ ክላስ ሳመለክት ልምዴን የሚመሰክር፣ ራሱ ላይሰንስ ያለው ሰው ፊርማ ተጠየቅኩ። ሽማግሌው ጡረታ ወጥቷል። አዲሱ አለቃ «አብሬህ አልነበርኩም፣ ያላየሁትን አልፈርምም» አለኝ። በሕጉ ልክ ነው፣ እኔን ግን በጣም ነው የከፋኝ። ስንት ክረምት ቀጥ ብዬ የሠራሁበት ነው! በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሽማግሌውን ስልክ አገኘልኝ። ቤቱ ድረስ ሄድኩ፣ ወረቀቱን መኪናዬ ኮፈን ላይ ዘርግቶ የቦይለሩን ጉልበት፣ ግፊቱን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሁ በራሱ እጅ ሞልቶ ፈረመልኝ። እግዜር ይስጠው።

አገር ቤት ስኳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ የኖረ አንድ ጋሼ አለ፤ የአገዳውን ገለባ እያነደደ ከፍተኛ ግፊት ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሰው ነው፣ በሙያው እኔን ያስተምረኛል። ግን አንዲት የልምድ ደብዳቤ ይዞ አልመጣም። እሱም እንደኛ ከስፔሻል ጀመረ። ስለዚህ ገና ከአገር የምትወጡ ካላችሁ፣ ከመሥሪያ ቤታችሁ ቀኑና የማሽኑ ዓይነት የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሳትይዙ አትሳፈሩ። ተቀባይነት ማግኘቱን ፈቃድ ሰጪው የሚኒሶታ መሥሪያ ቤት መርምሮ ይወስናል፤ ወረቀት ከሌለ ግን የሚመረመርም ነገር የለም።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ አለቃችሁ ሥራ ሲለቅ በዚያው ሳምንት አስፈርሙ። ጡረታ እስኪወጣ፣ እስኪሞት አትጠብቁ። ወደ ሌላ ግዛት የምትዛወሩም መጀመሪያ ጠይቁ፣ ደንቡ በየቦታው ይለያያል። ዲሲና ሜሪላንድ የየራሳቸው ላይሰንስ አላቸው፤ ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ደግሞ ግዛቱ ለኦፕሬተር ላይሰንስ አይጠይቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ልጆችን ለስፔሻል ፈተና እያስጠናሁ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በአማርኛ እናስረዳችኋለን፣ መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።