ላይቭ ገብቶ ደመወዝ መጠየቅ፦ ከዱባይ ካምፕ የተገኘ ገጠመኝ

ዱባይ ውስጥ አንድ የጽዳት ኩባንያ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፍል ቆየ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የእኛ አገር ሴቶች ናቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት አውቶቡሱ ሠራተኞቹ የሚኖሩበት ካምፕ በር ላይ ሲቆም አንዲት ወጣት ከሰልፉ ወጣችና «ዛሬ ማንም አይሳፈርም» አለች። ወዲያው ስልኳን አንስታ ፌስቡክ ላይ ላይቭ ገባች። ፎርማኑ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ «አትቅረጪኝ» እያለ ሲጮህ ጩኸቱም አብሮ ተላለፈ። ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች አውቶቡሱ ፊት ቆሙ፤ የካምፑ ዘበኛ ደግሞ ፖሊስ ጠራ።

በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት ሠራተኛ ግን ቦርሳቸውን ይዘው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ወጣቷ ተናደደች። «እትዬ፣ እርስዎም የሁለት ወር አልተከፈለዎትም እንዴ? ይቁሙ እንጂ!»

«አልተከፈለኝም ልጄ። እኔ ትናንት ማታ ከስሼ ነው የተኛሁት። ዛሬ ሥራ ካልገባሁ ከሳሽነቴ ቀርቶ ቀሪ እባላለሁ።»

ከሴትየዋ ጋር እንደሳቸው የከሰሱ አራት ሴቶች ተሳፈሩ። ሌሎቹ ፖሊስ እስኪመጣ ቆሙ።

በዚያ ጠዋት የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሁሉም የሠሩበትን ገንዘብ ነው የጠየቁት። ልዩነቱ የተጠየቀበት ቦታ ነው። በኤምሬትስ የሠራተኛ ማኅበር የለም፤ የሥራ ማቆም አድማን መብት ብሎ የሚያውቅ ሕግም የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዱባይ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የግንባታ ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ለቀናት ሥራ አቁመው ነበር፤ ጥቂት የማይባሉት ወደ አገራቸው ተባረዋል። ይህ ፍትሐዊ ነው የሚል ካለ በዚያ ካምፕ አንድ ሌሊት ይደርበት። ቢሆንም ሰው የሚሠራው ባለበት አገር ሕግ ነው፤ ሕጉ ደግሞ መውጫውን ጨርሶ አልዘጋውም።

መውጫው የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት የሚባለው ነው። ከ2009 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኩባንያዎች ደመወዝ የሚከፍሉት በባንክ ወይም በኤክስቼንጅ (በገንዘብ መንዛሪ ድርጅት) በኩል ሲሆን ክፍያው በሰው ሀብት ሚኒስቴሩ፣ ማለትም ልጆቻችን «ሞህሬ» በሚሉት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይታያል። በ2022 በወጣው ደንብ መሠረት ደመወዝ ከሚከፈልበት ቀን 15 ቀን ካለፈ ኩባንያው አዘግይቷል ይባላል። ከ17ኛው ቀን በኋላ ደግሞ አዲስ የሥራ ፈቃድ ማውጣት ይከለከላል። የጽዳት ኩባንያ ሠራተኛ እያፈራረቀ የሚኖር ድርጅት ነው፤ ፈቃድ ከተዘጋበት አዲስ ኮንትራት ይዞ ሰው ማምጣት አይችልም። ባለቤቱን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነው። ፌስቡክ ላይ አምስት ሺህ ሰው ቢያየው ግን አማርኛ ስለማይሰማ ምንም አይመስለው።

ፎርማኑ ላይ መጮህም እንዲሁ ከንቱ ነው። እሱ ካዝና የለውም። እንዲያውም የእሱም ደመወዝ የዚያኑ ያህል ዘግይቶ ይሆናል፤ በዚህኛው ኩባንያ ዘግይቶ ነበር።

ፖሊሱ ሲመጣ ነገሩን የደመወዝ ጭቅጭቅ አድርጎ ያዘው፤ ይህ የወጣቷ ዕድል ነው። በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ በአንቀጽ 26 ያለ ፈቃድ ሰልፍ እንዲደረግ በኢንተርኔት የጠራን ሰው በእስራትና ከ200,000 እስከ 1,000,000 ድርሃም ይቀጣል። «ማንም አይሳፈርም» ብሎ ላይቭ መግባት ወደዚያ ሊጎተት ይችል ነበር። ከዚያ ብታመልጥም ፎርማኑ በራሱ ስም ያለ ፈቃዴ ቀረጸችኝ ብሎ ከሰሳት። ለዚህ ደግሞ አንቀጽ 44 አለ፦ ከ6 ወር የማያንስ እስራት፣ ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም፣ ወይም ሁለቱም። ልጅቷ በወር የምታገኘው 1,000 ድርሃም ነው። ትንሹን ቅጣት ለመክፈል የ12 ዓመት ከመንፈቅ ደመወዟን ሳትነካ ማስቀመጥ ይኖርባታል።

የትልቋን ሴት አካሄድ ደረጃ በደረጃ ማየት ይጠቅማል። መጀመሪያ ማስረጃ ሰበሰቡ፦ ከሞህሬ አፕ የወረደ የኮንትራት ኮፒ (መክተቡ፣ ማለትም ላኪው ኤጀንሲ፣ አገር ቤት ያስፈረማቸው ሳይሆን ሚኒስቴሩ ጋ የተመዘገበው፤ ሁለቱ ላይ ያለው ደመወዝ ሊለያይ ይችላል)፣ የኤምሬትስ አይዲያቸው፣ የሥራ ፈቃድ ቁጥራቸው፣ መጨረሻ የተከፈለበትን ቀን የሚያሳይ የኤቲኤም ወረቀት፣ በየቀኑ የሠሩበትን ሕንፃ ስምና ሰዓት የጻፉበት ደብተር። የራሳቸውን ፎቶ በሥራ ልብስ ተነሥተዋል፤ ከጀርባቸው ሌላ ሰው እንዳይገባ ግን ተጠንቅቀዋል። ከዚያ አቤቱታውን በአፑ አስገቡ። በስልክ ማስገባት የሚፈልግ 80084 ይደውላል፤ የሠራተኛ አቤቱታና ምክር የሚሰጥበት መስመር ነው። በአካል የሚመርጥ የሚኒስቴሩን አገልግሎት ወደሚሰጠው ተስሂል ማዕከል ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚሰናከለው በስልክ ቁጥር ነው። ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው በተመዘገበው ቁጥር ሲሆን፣ ኩባንያው ሲያስመዘግብ የራሱን ሰው ቁጥር ሰጥቶ ከሆነ ኮዱ እዚያ ይሄዳል፤ አሠሪውም ከከሳሿ በፊት ወሬውን ይሰማል። ስለዚህ ችግር ሳይመጣ በፊት ቁጥሩን በራስ ስም በወጣ ሲም ማስለወጥ ያስፈልጋል። ከጓደኛ በተዋሱት ሲም መክሰስም ጓደኛየው አገር ሲገባ ክሱን ይዞት ይሄዳል ማለት ነው።

አቤቱታው ከገባ በኋላ ሚኒስቴሩ በ14 ቀን ውስጥ ሁለቱን ወገኖች ለማስማማት ይሞክራል። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ከ50,000 ድርሃም የማይበልጥ ክርክር ከሆነ ራሱ ሚኒስቴሩ ይወስናል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለፍርድ ቤት ይተላለፋል፣ እስከ 100,000 ድርሃም ድረስም ሠራተኛው የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ይህን አቤቱታ አቀረብሽ ብሎ ማባረር በሠራተኛ ሕጉ አንቀጽ 47 የተከለከለ ነው፤ ካባረራት እስከ 3 ወር ደመወዝ ካሳ ሊፈረድበት ይችላል። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ሥራ መቅረት የለም። አንቀጽ 44 (የሠራተኛ ሕጉ ማለት ነው፣ ከላይ ካለው የሳይበር ሕግ 44 ጋር አይምታታ) ያለ በቂ ምክንያት በተከታታይ ከ7 ቀን በላይ፣ ወይም በዓመት ውስጥ በተቆራረጠ ከ20 ቀን በላይ የቀረን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። «ካልከፈሉኝ አልሠራም» ብሎ ካምፕ የተኛ ሰው ለአሠሪው ያልነበረውን ምክንያት በእጁ ሰጠው ማለት ነው። በዚያ ላይ ጠፍታለች ተብሎ ሪፖርት ሊደረግባት ይችላል፤ ቀድሞ የገባ አቤቱታ ቁጥር በእጅ ካለ ግን መከራከሪያ አለ።

የማስማማቱ ስልክ ሲመጣ አጭር መልስ ነው የሚያዋጣው፦ የስንት ወር፣ ስንት ድርሃም፣ ከመቼ ጀምሮ። የክፍሉ ሙቀት፣ የምግቡ ነገር፣ የሱፐርቫይዘሩ አፍ እዚህ ውስጥ ከገቡ ባለሙያው ዋናውን ቁጥር ያጣዋል። ሌላው ወጥመድ ወረቀት ነው። ኩባንያው «ነገ ይገባል፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ብሎ በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሲያቀርብ ብዙ ጊዜ «መብቴን በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ነው። ገንዘቡ ካርዱ ላይ ሳይታይ አይፈረምም። በትሕትና «አንብቤ ነገ ልፈርም» ማለት ይበቃል፤ ማንም በግድ አስፈራሚ ቢሆን ለሚኒስቴሩ ይነገራል።

የተሳፈሩት አምስቱ ሴቶች የቀረባቸው ተከፈላቸው። በአምስቱ ፋይል ምክንያት የሌሎቹም መከፈሉ ላይቭ ያየውን ሰው አያስደስት ይሆናል፣ ግን የሆነው እንደዚያ ነው።

የወጣቷ ጉዳይ ግን ገና አልተቋጨም ነበር። ፎርማኑ ተናዙል ካልሰጠ፣ ማለትም ክሱን ካላነሳ፣ ነገሩ ወደ አቃቤ ሕግ ይሄዳል። ሦስት የሥራ ጓደኞቿ ተሰብስበው ሊያናግሩት ሄደው ሰው በተሰበሰበበት «ይቅር በላት» አሉት፤ አንዷ ጣቷን እየቀሰረች ነበር። እምቢ አለ። በሦስተኛው ቀን ትልቋ ሴት ብቻቸውን፣ ከሥራ በኋላ፣ ሰው በሌለበት አናገሩት። ስለ ደመወዙ ምንም አላነሡም። ፊቱ በአደባባይ መታየቱ እንዳሳፈረው፣ ቤተሰቡ እንዳየው፣ ልጅቷም ቪዲዮውን እንዳጠፋችና ራሷ መጥታ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ነገሩት። መጣች፤ ሰላምታ ሰጥታ፣ ሳትከራከር፣ «ግን አንተም» የሚል ሳትጨምር ይቅርታ ጠየቀች። ሰውየው በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ተናዘለ። ሽማግሌ አገር ቤት የሚሠራውን ሥራ እዚያም ይሠራል፤ ልዩነቱ ይቅርታው ማኅተም ካልተመታበት እንዳልተባለ መቆጠሩ ነው።

ስለ ምግባር ካነሣን የምላስ ጉዳይ ከካሜራው ይብሳል። በአማርኛ ብሳደብ ማን ይሰማኛል የሚል ሰው ብዙ ነው። ፖሊስ ጣቢያ አስተርጓሚ አለ። በሳይበር ሕጉ አንቀጽ 43 በኢንተርኔት ሰውን መስደብ እስራት ወይም ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም ያስቀጣል፤ በዋትስአፕ የተላከ የድምፅ መልእክትም በዚሁ ይገባል። ከሳሹ ብዙውን ጊዜ አረብ አይደለም፤ በዕቁብ ወይም በአልጋ የተጣላች የገዛ አገር ልጅ ናት። የመሐል ጣት ማሳየትም በዚያ አገር ቀልድ አይደለም፣ ሰው ታስሮበታል።

የአገር ቤት ፖለቲካ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ብዙው ሰው «እኔ እነሱን አልነካሁ፣ ስለራሴ መንግሥት ነው የተናገርኩት» ይላል። በሐምሌ 2024 በኤምሬትስ የሚኖሩ የባንግላዴሽ ሠራተኞች የገዛ አገራቸውን መንግሥት ተቃውመው ጎዳና ወጡ። 57ቱ ወዲያው ለፍርድ ቀርበው 3ቱ የዕድሜ ልክ፣ 53ቱ 10 ዓመት፣ አንዱ 11 ዓመት ተፈረደበት። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የኤምሬትስ ፕሬዚዳንት ምሕረት አደረጉላቸው፤ የተማረሩበት መንግሥት አስቀድሞ ስለወደቀና አዲሱ ስለለመነላቸው ነው። ሁሉም አገር እንዲህ የሚለምንለት አያገኝም። ስለዚህ ባንዲራ ይዞ ቆንስላው ደጃፍ መሰብሰብ፣ ፓርክ ውስጥ በመፈክር ፎቶ መነሣት፣ «እሑድ እንገናኝ» የሚል ጥሪ በቴሌግራም ማሠራጨት አንድ ናቸው። የሚነገር አቤቱታ ካለ አቡ ዳቢ ያለው ኤምባሲ ወይም ዱባይ ያለው ቆንስላ ግቢ ውስጥ፣ በቀጠሮ፣ በጽሑፍ ይቀርባል።

ስምንት ሴቶች በሚተኙበት ክፍል ስለ ጦርነት የተለያየ ወገን የሚደግፉ መኖራቸው አይቀርም። አንዳንድ ክፍሎች ጥሩ ደንብ አላቸው፦ ዜና በጆሮ ማዳመጫ ብቻ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ፖለቲካ የለም፣ የሞተበት ሰው ካለ ማንም የማን ወገን ሳይል ለቅሶ ይቀመጣል።

ለቅሶ ሲነሣ መዋጮ ይከተላል፣ እዚህም ላይ ብዙዎች ሳያውቁ ወንጀል ውስጥ ይገባሉ። ፈቃድ የሌለው ግለሰብ በዋትስአፕ ገንዘብ ማሰባሰብ በኤምሬትስ የተከለከለ ነው፣ ዓላማው ምንም ቅዱስ ቢሆን። መርዳት የፈለገ ሰው በግሉ ለሟች ቤተሰብ ይላክ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠየቅ፦ አብዛኛው መዋጮ የሚሰበሰበው ለአስከሬን ማጓጓዣ ነው፤ ቤተሰብ ከጠየቀ ያ ወጪ በሠራተኛ ሕጉ የአሠሪው ዕዳ ነው። የሟች ቀሪ ደመወዝና የአገልግሎት ክፍያም በ10 ቀን ውስጥ ለወራሾች መከፈል አለበት። አሠሪው ዝም ሲል ድሆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው የእሱን ዕዳ ይከፍሉለታል።

ወጣቷ ከጥቂት ወራት በኋላ ለዕረፍት ወደ አገር ልትገባ ስትል ትኬት ከመቁረጧ በፊት ክሱ የተከፈተበት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የፋይሉን ቁጥር አሳይታ ጠየቀች። ተናዙሉ ገብቶ ነበር፣ ፋይሉ ግን አልተዘጋም። እንዲያ ሆኖ ኤርፖርት ብትደርስ ከፓስፖርት መስኮቱ ትመለስ ነበር። ግማሽ ቀን ቆማ አዘጋችው፤ የተዘጋበትን ወረቀትም ፎቶ አንሥታ ለእኅቷ ላከች፣ ስልኩ ቢጠፋ ብላ።