ስልኩን ገልብጡት፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የምሠራው ትንሹ ምድር ባቡር

ከላይ ሆኖ የተነሳ የባቡር ሞዴል ፎቶ ሁሉ አንድ ነው። ጠረጴዛ ይታያል፣ ሐዲድ ይታያል፣ ጥግ ላይ የሻይ ብርጭቆ ይታያል። ባቡር ግን አይታይም፤ የሚታየው መጫወቻ ነው። እኛ ጥቂት ሰዎች ፎቶ መለዋወጥ ስንጀምር ሁላችንም የምንልከው እንዲህ ያለውን ነበር። ከዚያ ድሬዳዋ ያለው ጓደኛችን አንድ ፎቶ ላከ። ፉርጎው ፊታችን ተገትሯል፤ አንገትን ቀና አድርጎ የሚያዩት ይመስላል። እንዴት አነሳኸው ስንለው "ስልኬን ገልብጬ ነው" ብሎ ዝም አለ።

ነገሩ ሒሳብ ነው። የምሠራው በ1 ለ 87 መጠን ነው፤ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በዚህ መጠን 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ካሜራው ጣቢያው ላይ የቆመ ሰው የሚያየውን እንዲያይ ከፈለግን ሌንሱ ከመሬት 2 ሴንቲ ሜትር ላይ መዋል አለበት። የስልክ ሌንስ ደግሞ ያለው አናቱ ላይ ነው። ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ስታቆሙት ሌንሱ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ይህ ለትንሹ ሰው 12 ሜትር ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ቁልቁል እንደማየት። ገልብጡትና ሌንሱ መሬት ይደርሳል። ፎቶውን በኋላ ማዞር ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ስልክ ራሱ ያዞረዋል።

ከዚያ ወዲህ ፎቶ ለኔ የማሳያ ነገር ብቻ መሆኑ ቀረ። ሥራውን የሚያርመው እሱ ነው። ዓይን ይለምዳል፣ ይቅር ይላል። በትንሹ ሰው ቁመት የተነሳ ፎቶ ግን ይቅርታ አያውቅም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ፎቶው ያዘዘኝን ነው።

ለአዲስ ሰዎች ጠረጴዛዬን ላስተዋውቅ። አሮጌ የበር ሳንቃ ነው፤ 2 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር። ላዩ ላይ ያለው መስመር በእውነት የለም። ጎጃም ሐዲድ አያውቅም። የጅቡቲው መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባና ለገሃር ላይ ቆመ። ከብዙ ዘመን በኋላ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባዘጋጀው የአገር አቀፍ መረብ ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቅ መስመር ነበር። እሱም ካርታ ላይ ቀረ። የኔው ደግሞ ሌላ ነው። ያ የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነው፣ ለገሃር ላይ ባይቆም፣ አባይን ተሻግሮ ደጀን ቢደርስ ኖሮ ምን ይመስል ነበር የሚለውን ነው የምሠራው።

ይህ ምኞት ሒሳብ ሲገባበት ያስቃል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ባቡር ደግሞ በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ተኩል ከወረደ ራሱ ብዙ ነው። በዚያ ልክ 1000 ሜትር ለመውረድ 40 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። ወዲህ ማዶ ለመውጣት ሌላ 40። የዕቅዱ ሰዎች ፍኖተ ሰላም ላይ ጀምረው ፊታቸውን ወደ ወልድያ ማዞራቸው አይገርመኝም። በኔ መጠን እንኳ 40 ኪሎ ሜትር ማለት 460 ሜትር ነው፤ ሐዲዱ ከግቢ ወጥቶ አስፋልት ሊሻገር ነው። ስለዚህ በረሃውን ተውኩት። የሠራሁት የደጀንን አፋፍ ብቻ ነው። ጣቢያ አለ፣ ሦስት መስመር አለ፣ ከዚያ መሬቱ ድንገት ቁልቁል ይጠፋል። የቀረውን የሚያየው ሰው ይሙላበት።

የሐዲዱ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ነው። 12ን በ87 ስታባዙት 1044 ይመጣል። ለ1 ሜትሩ ሐዲድ ይህ ቅርብ ነው፤ 44 ሚሊ ሜትሩን ማንም አይለካብኝም። ሎኮሞቲቩን ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። የታችኛው ክፍል፣ ማለትም ሞተሩና መንኮራኩሮቹ፣ የተሠሩት ለ1 ለ 120 መጠን ነው፤ በዚያ መጠን 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ መደበኛው ነው። የላይኛውን ቤት አውልቄ ከወፍራም ካርቶን ሌላ ሠራሁለት። መልኩን የወሰድኩት በድሮው መስመር ላይ ካገለገሉት የፈረንሳዩ አልስቶም የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥያቄ የሚመጣልኝ በዚህ ነው።

ከሐዲዱ ሥር የሚፈሰው ጠጠር በእውነቱ 5፣ 6 ሴንቲ ሜትር ያህላል። ለ87 ሲካፈል ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። እንዲህ ደቃቅ ሆኖ መጠኑ እኩል የሆነ ነገር ጎጃም ውስጥ ምን አለ? ጤፍ ነዋ! ሠርገኛ ጤፍ ደግሞ ቀለሙ ራሱ የተደባለቀ ስለሆነ ፎቶ ላይ ቁርጥ ጠጠር ነው። አንድ እፍኝ በትኜ አንስቼ ላክሁ፤ ሁሉም ወደደው። እናቴ ግን አልወደደችውም። "እህል ላይ ባቡር ትነዳለህ?" አለችና ጠርጋ ወሰደችው። እሷ ባትወስደውም አይጥ ይወስደው ነበር። ልኩ ግን ቀረልኝ። አሁን የወንዝ አሸዋ በጤፍ ወንፊት እነፋለሁ። የወረደውን እንደገና በሻሽ ነፍቼ ብናኙን አስወጣለሁ። ሻሹ ላይ የሚቀረው የምፈልገው ነው። አፈር ስጠቀም ደግሞ መጀመሪያ ምጣድ ላይ አምሰዋለሁ፤ አለበለዚያ ክረምት ሲገባ ሣር ያበቅላል፣ ሻጋታም ይመጣል።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ማግኔት። አሸዋችን ውስጥ ማግኔት የሚስበው ጥቁር ብናኝ አለ። የባቡሩ ሞተር ውስጥም ማግኔት አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ሞተሩ አለቀለት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ አሸዋውን ደጋግማችሁ አማስሉት። ፌስታሉን ስትገለብጡት ብናኙ ሳይጣበቅባችሁ ይወድቃል።

ለማጣበቂያው ነጭ ኮላ፣ እኩል ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ ላርጎ። ላርጎው ግድ ነው። ያለ እሱ ኮላው አሸዋው ላይ ድብልብል ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይሰርግም፤ ጠጠሩንም ይዞት ይንከባለላል። አሸዋውን አስቀድማችሁ ውሃ አርከፍክፉበት። ከዚያ መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ኮላውን ቀስ ብላችሁ ጣል ጣል አድርጉ። አንድ ሌሊት አትንኩት።

ጣሪያ። ቆርቆሮ የሌለበት የጎጃም ከተማ ማን አይቷል? የእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሚሊ ሜትር ነው። በኔ መጠን 0.87 ሚሊ ሜትር። ይህን በእጅ መሥራት አይታሰብም። ግን ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሎን ጥርሶች 0.8 ሚሊ ሜትር፣ የባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ሁለቱም ይሆናሉ። የምግብ መጠቅለያ ፎይል ቡሎኑ ላይ አድርጎ በጣት ጫን ብሎ ማሸት ነው። ቁራጩ ጠባብ ይወጣል። ጠባብ መሆኑ ደግሞ ጥሩ ነው፤ እውነተኛው ቆርቆሮም በጠባብ በጠባቡ እየተደራረበ ነው የሚመታው። ከመካከላችን አንዱ፣ የባሕር ዳሩ መምህር፣ አንዱን ቆርቆሮ በሻይ ቅጠል ውሃና በቀይ አፈር አዝጎት ላከልን። ቀናሁበት።

ገደሉን በጀሶ ነው የሠራሁት። አባይ በረሃ ውስጥ ጀሶ ራሱ ከድንጋዩ ንብርብሮች አንዱ ስለሆነ ደስ አለኝ። ቀለም ስትቀቡ ግን ሙሉውን ገደል ቡናማ አድርጋችሁ አትለፉት። በአውቶብስ ስትወርዱ ልብ ብላችሁ ከሆነ ቀለሙ ይለዋወጣል። አናቱ ላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሱ በታች የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ቀጥሎ ወደ ቢጫና ነጭ የሚያደላው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶው፣ ወደ ወንዙ ስትቀርቡ እንደገና ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ። የኔ አፋፍ አጭር ስለሆነ የላይኞቹን ብቻ ነው ያሳየሁት። ፎቶው ውስጥ አገሩን የሚያስታውቀው ግን ያ የቀለም ለውጥ ነው። የድሬዳዋው ጓደኛችን ገና ጣቢያውን ሳያይ "ይሄ አባይ አይደለም እንዴ?" አለ።

ዛፍ ላይ ሁላችንም እንሰስታለን። 20 ሜትር የሚሆን ባሕር ዛፍ በ1 ለ 87 መጠን 23 ሴንቲ ሜትር ነው! ከላይ ስታዩት ያስፈራል፤ ጣቢያውን የሚውጠው ይመስላል። በተገለበጠው ስልክ ስታዩት ግን ልክ ነው። 10 ሴንቲ ሜትሩ ዛፍ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ትልልቆቹን ከፊት፣ ትንንሾቹን ከኋላ አድርጉ። ጠረጴዛው ይረዝማል።

ብርሃን ቀላል ነው፤ ሰው ነው የሚያወሳስበው። ፀሐይ አንድ ናት። ሁለት አምፖል ካበራችሁ እያንዳንዱ ፉርጎ ሁለት ጥላ ይጥላል፣ ያኔ ነገሩ ያበቃል። እኔ የመስኮት ብርሃን ነው የምጠቀመው። ክረምት ላይ ደመናው ለስላሳ ያደርገዋል፤ ለበጋ መልክ ግን ጠንካራና አንድ ብርሃን ይሻላል፣ ራቅ ብሎ ከጎን የሚመጣ። ፍላሽ በጭራሽ። የሰማዩን ጀርባ በካርቶን ላይ ቀቡት። ወደ አድማሱ እየነጣ፣ ወደ ላይ እየጠቆረ ይሂድ። ከሞዴሉም ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። አለበለዚያ የባሕር ዛፉ ጥላ ሰማይ ላይ ያርፋል።

ስልካችሁ ፖርትሬት የሚባለውን ነገር ካበራ አጥፉት። ጀርባውን ያደበዝዘዋል፤ ዓይናችን ደግሞ ድብዝዝ ጀርባ ሲያይ "ይሄ ትንሽ ነገር ነው፣ በቅርብ ነው የተነሳው" ይላል። እውነተኛ ባቡር ስናይ ከኋላው ያለው ተራራም ጥርት ብሎ ነው የሚታየን። ስለዚህ ራቅ በሉ፣ አንሱ፣ በኋላ ቁረጡት። በሰዓት ቆጣሪ አንሱ፤ ጣት ሲነካው ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ከማንሳታችሁ በፊት በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። አንዲት የራስ ፀጉር ሐዲዱ ላይ ከወደቀች በትንሹ ሰው ዓለም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ገመድ ናት፤ ፎቶው ደግሞ አይምራትም።

ቪዲዮ ለምትልኩ አንድ ነገር ብቻ፦ ቀስ በሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በኛ መጠን በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። 2 ሜትሩን ጠረጴዛ ለመጨረስ 10 ሰከንድ ይፈጃል። ጣቢያ ሲገባ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። የምታሳዩን ባቡር በ3 ሰከንድ ካለፈ ሮኬት ነው።

መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ ላላችሁኝ፣ ሞተሩ 12 ቮልት ስለሆነ የሶላር ባትሪ በመቆጣጠሪያ በኩል ያስኬደዋል። እንዲያውም ከባትሪ የሚመጣው ኮረንቲ ንጹሕ ስለሆነ ሎኮሞቲቩ ቀስ ብሎ ሲነሳ ያምርበታል። ለጣቢያው መብራት ነጭ ኤልኢዲ ኮረንቲውን ከሚገድብ የ1000 ኦም ሬዚስተር ጋር አድርጌያለሁ። በ12 ቮልት 9 ሚሊ አምፔር ገደማ ያልፋል። ደብዘዝ ይላል፤ የፈለግሁትም ያንን ነው። የገጠር ጣቢያ እንደ ስታዲየም አይበራም።

ሰሞኑን ስለተከራከርንበት ጉዳይም የኔን ሐሳብ ልጻፍ። ፎቶን በአፕ ማስተካከል ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ሰማይ መቀየር አይከፋኝም። የግድግዳ ሶኬት መሰረዝም ይሁን። ጭስና የሌለ ተራራ መጨመር ግን ለምን? የምንማረው ካለው ነገር ነው። ሐዲዱ የተጣመመበትን፣ ኮላው ያንጸባረቀበትን፣ ካርቶኑ የተላቀቀበትን ፎቶ ስትልኩልኝ ደጋግሜ አያለሁ። አምሮ ያለቀውን ሳይ ግን "ጎበዝ" ብዬ አልፋለሁ። ስለዚህ ያላለቀውን ላኩ። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ምክር ማፍረስ ያስከትላል፤ ማፍረስ ደግሞ ማንም አይወድም።

ቀጥሎ የምገባው ወደ ጣቢያው ሕንጻ ነው፤ እዚህ ላይ የእናንተን እርዳታ እፈልጋለሁ። ጎጃም ውስጥ ሄጄ የምለካው ጣቢያ የለም። በድሮው መስመር ዳር የምትኖሩ ወይም በዚያ የምታልፉ ካላችሁ የትንንሾቹን ጣቢያዎች ፎቶ ላኩልኝ፤ የድሬዳዋውና የለገሃሩ ለጠረጴዛዬ በጣም ትልቅ ናቸው። መጀመሪያ ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ። ከፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ አንሱ፤ ከጎን ከሆነ መለኪያው ይዛባል። በሩ አጠገብ ቁመቱን የምታውቁትን ሰው አቁሙና ቁመቱን ጻፉልኝ። ከዚያ የበሩን፣ የመስኮቱን፣ የጣሪያውን ልክ እኔ አወጣዋለሁ። የጣሪያው ክዳን ምን እንደሆነና ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድም እንዲታይ አድርጉ። ሰውየው ኮፍያ ካደረገ ግን አስወልቁልኝ፤ ልኬቱን ያበላሽብኛል።