ቡናና ጫት በአንድ ጓሮ፦ የጅማ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ ያፍናል፤ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጣ አየሩ ይለዝባል፣ ምድሩም እየለመለመ ይሄዳል። ከሰኮሩ ወዲያ መስኮት ዳር የተቀመጠ ተጓዥ ዓይኑን ከጓሮዎቹ ባይነቅል ይሻለዋል። ረጃጅም ዛፎች ያጠሉበት፣ ውስጡ የጨለመው ጓሮ የቡና ነው። ዛፍ የሌለበት፣ በመስመር ተተክሎ ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቀው ደግሞ የጫት ነው። አሰንዳቦን አልፌ ሰርቦ እስክደርስ ሁለቱ እየተፈራረቁ ሸኙኝ።

የሄድሁት የጓሮ ቡና ለማየት ነበር። ጊዜው የካቲት መጨረሻ ነው፤ ቀድማ የጣለችው ዝናብ ቡናውን አስነስታዋለች። ቡና ሲያብብ ቅርንጫፉ ከሥር እስከ ጫፍ ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው እንግዳን ከአጥር ውጭ ወጥቶ ይቀበላል። አበባው ከጥቂት ቀናት በላይ ስለማይቆይ የደረሰበት ሰው ዕድለኛ ነው።

የተቀበሉኝ አዛውንት ሐጂ ናቸው፤ ሰፈሩም ሰው ሁሉ ሐጂ እያለ ነው የሚጠራቸው። ጓሯቸው ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ ነው። ኮረብታው አናት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። ከቤቱ ጀርባ መጀመሪያ እንሰቱና ጤና አዳሙ ይገኛሉ። ቀጥሎ በዋንዛ፣ በሳሳና በብሳና ጥላ ሥር ቡናው አለ። ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ አፈሩ ርጥበት በያዘበት፣ ኮረሪማው ቅጠሉን ዘርግቷል። ከአንዱ ዋንዛ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ጫቱ ያለው መንገድ ዳር ባለው አጥር ጥግ፣ ፀሐይ በሚመታው ቀጭን መደብ ላይ ብቻ ነው።

ስለ ቡናው እጠይቃለሁ ብዬ ሄጄ ብዙውን ሰዓት ያሳለፍነው ከጫቱ ዘንድ ነው። ጫት እዚህ ከዘር አይበቅልም። ሐጂ ተንበርክከው ከአንዱ ግንድ ሥር አፈሩን በጣታቸው ገለል አደረጉና ጎን ለጎን የወጣውን ቀንበጥ አሳዩኝ፤ ሥር ይዟል። ክረምት ሲገባ ከነሥሩ ገንጥለው በተዘጋጀ ጉድጓድ ይተክሉታል። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ለቆረጣ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ መቁረጥ ነው፤ ቁመቱ ከሰው በላይ እንዳይሄድ ይገታል፣ በተቆረጠ ቁጥር ቀላ ያለ ለጋ ቀንበጥ ያወጣል። የሚፈለገውም ያው ለጋው ነው። የሚቆርጡት ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ነው፤ ወዲያው በእንሰት ቅጠል ይጠቀልሉታል። ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚያነቃቃው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉ ወደሚያንስ ካቲን ይለወጣል፤ የጠወለገ ጫት ገዢ የማያገኘው ለዚህ ነው።

«ሐሺሽ ነው የሚሉን አሉ» አሉኝ ሐጂ ቀና ብለው። «ልጄ፣ ሐሺሽ በጓሮው የሚተክል ሰው በወንጀል ይጠየቃል። እኛ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ዳር ነው የተከልነው፤ ቀረጥም ይከፈልበታል።» እውነታቸውን ነው። ሐሺሽ የሚገኝበትን ተክል፣ ካናቢስን፣ መትከል በአገራችን የወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ጫት አልተከለከለም። ብሪታንያን የመሳሰሉ አገሮች ጫትንም አግደዋል፤ የብሪታንያው እገዳ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ነገር ግን ጅማ ላይ ሆኜ ያሳሰበኝ የሕጉ ጉዳይ አልነበረም።

ያሳሰበኝ ዛፉ ነው። ቡና ጥላ ይወዳል፣ ጫት ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጫት ከአጥር ጥግ ተነሥቶ ጓሮውን ሲይዝ የሚቆረጠው ቡናው ብቻ አይደለም። ዋንዛው ይወድቃል፣ ሳሳው ይወድቃል፣ ቀፎው የሚሰቀልበት ያጣል፣ ኮረሪማውም ያለ ጥላ ይደርቃል። ቅጠሉ እየረገፈ ሲያዳብረው የኖረው ተዳፋት ራቁቱን ለክረምት ጎርፍ ይሰጣል። በዚያ ላይ አንዳንዱ ገበሬ ፀረ ተባይ ይረጭበታል፤ ጫት ደግሞ ጥሬው የሚቃም ቅጠል ነው።

ገበሬውን ግን ልወቅስ አልችልም። ቡና የሚለቀመው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። ልጅ የሚታመመው በሐምሌ ሊሆን ይችላል። ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ጫት ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ገንዘቡ በተፈለገ ቀን እጅ ይገባል። ስለ ኪሎ ዋጋ ብዙ ይወራል፤ እኔ እንዳየሁት ግን ቡናን ከጓሮ የሚያስወጣው ከዋጋው ይልቅ የክፍያው ቀን ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ለቡናው ብዙ ደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ እሸቱን እያጠቆረ ሲጨርስ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎች እየዞሩ መረጡ። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ ከፊት ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ሐጂም ከቤቱ አጠገብ የተከሉት 74110ን ነው፤ አጠር ብሎ ቅርንጫፉን የሰበሰበ ዝርያ ስለሆነ ቆመው ይለቅሙታል።

ከታች ያለው ቡና ግን አርጅቷል። ግንዱ ሽበት አውጥቷል፣ ፍሬውም ወደ ጫፉ ሸሽቷል። ልጃቸው ነቅለን ጫት እንትከልበት ባይ ነው። ሐጂ የመረጡት ጉንደላን ነው፤ ግንዱን ከመሬት 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ትቶ ውሃ እንዳይተኛበት ሸርተት አድርጎ መቁረጥ፣ ከሚያቆጠቁጠውም ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት ቀንበጦች አስቀርቶ ሌላውን ማስወገድ። ችግሩ የተጎነደለ ቡና ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ አለመስጠቱ ነው። ብዙ ሰው መጋዙን አንሥቶ የሚያስቀምጠው ይህን ሲያስብ ነው።

ሐጂ ግን መጎንደል ጀምረዋል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይደለም፣ በየዓመቱ አንዳንድ እርከን እያሉ ነው። ፍሬ በማይሰጥባቸው ሁለት ዓመታት የቤቱን ወጪ የሚሸፍነው ያ የአጥር ጥግ ጫት ነው፤ ማሩና ኮረሪማውም ያግዙታል። ከልጃቸው ጋር የተስማሙትም በዚሁ ነው። ጫቱ ከመደቡ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ገንዘቡን ልጁ ይይዛል፣ ዋንዛዎቹ ግን አይነኩም። የመጀመሪያው እርከን አቆጥቁጦ አየሁት፤ ቀንበጡ ከጉልበቴ በላይ ደርሷል።